ልጆችን ስለ ውቅያኖስ በቤት ውስጥ በተግባር ማስተማር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኢትዮጵያም ሆነ ውጭ አገር የሚኖሩ፣ ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ የሚያስተምሩም ሆኑ ቅዳሜና እሑድ አብረዋቸው የሚሠሩ ወላጆች ስለ ባሕርና ውቅያኖስ ትምህርት ሲነሣ የሚደጋግሟቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። ሙከራዎቹ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ላሉ ልጆች የሚሆኑ ሲሆን የሚያስፈልገው ዕቃ ከሞላ ጎደል ማድ ቤት ውስጥ ይገኛል። የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጆቼ ባሕር አይተው አያውቁም። ከየት ልጀምር?

ከግድግዳው ይጀምሩ። ሁለት ሜትር የሚሆን ገመድ ከግድግዳ ላይ ወደ ታች ያንጠልጥሉ። ከጫፉ ግማሽ ሜትር ያህል ዝቅ ብለው ቀይ ክር ይሰሩበት፤ ይህ ባሕር ጠለል ነው። ከዚያ እያንዳንዱን ሴንቲ ሜትር እንደ 100 ሜትር ቆጥረው ከልጆቹ ጋር ምልክት ያድርጉ።

መጀመሪያ ወደ ላይ ይውጡ። አዲስ አበባ ከቀዩ ክር 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ራስ ዳሸን ደግሞ 45 ሴንቲ ሜትር ላይ። ልጆቹ በዚህ ጊዜ የአገራቸውን ከፍታ በእጃቸው እየለኩ ነው። አሁን ወደ ታች ይውረዱ። የፀሐይ ብርሃን በደንብ የሚደርሰው እስከ 200 ሜትር ድረስ ስለሆነ ብርሃናማው ክፍል 2 ሴንቲ ሜትር ላይ ያበቃል። በ2014 ግብፃዊው ጠላቂ አሕመድ ገብር ዳሃብ አጠገብ ቀይ ባሕር ውስጥ እስከ 332 ሜትር እንደወረደ ተመዝግቧል፤ በገመዳችን ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ከትንሽ ብቻ ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ላይ የፀሐይ ብርሃን ጨርሶ ይጠፋል። የውቅያኖሶች አማካይ ጥልቀት 37 ላይ ያርፋል፤ ታይታኒክ የሰጠመችበት ቦታም ከዚያው አጠገብ 38 ላይ ነው። ገመዱ ግን ገና አላለቀም። በ1960 ዣክ ፒካርና ዶን ዋልሽ ትሪየስት በምትባል ጠላቂ ዕቃ የወረዱበት የማሪያና ሰርጥ ወለል 109 ሴንቲ ሜትር ላይ ይገኛል።

ይህን ገመድ ለወራት ከግድግዳው አያውርዱት። ልጁ ስለ አንድ የባሕር እንስሳ ባነበበ ቁጥር ሥዕሉን ቆርጦ በሚኖርበት ጥልቀት ላይ ይለጥፈዋል። አንድ ነገር ግን ይንገሩት፦ ገመዱ የሚያሳየው ጥልቀትን ብቻ ነው። የፓስፊክ ውቅያኖስን ወርድ በዚሁ ልክ እንሥራ ብንል ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ገመድ ያስፈልገናል።

እኔ የሳይንስ መምህር አይደለሁም። አንድን ሙከራ እንዴት ልምራው?

በሦስት ጥያቄዎች ይምሩት። ከሙከራው በፊት «ምን የሚሆን ይመስልሃል? ለምን?» ብለው ግምቱን ደብተሩ ላይ ያስጽፉት ወይም ያስሥሉት። በሙከራው ጊዜ «ምን አየህ?» ይበሉት። ከሙከራው በኋላ ደግሞ «እውነተኛው ባሕር ከዚህ ብርጭቆ በምን ይለያል?» ብለው ይጠይቁት።

ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ሦስተኛው ጥያቄ ነው፤ ለእኔ ግን የትምህርቱ እምብርት እሱ ነው። ብርጭቆ ውስጥ ያለው ነገር ባሕር አይደለም። ከባሕር ባሕርያት አንዱን ብቻ ነጥሎ ያሳያል፤ ሌላውን ይደብቃል። ይህን የማይጠየቅ ልጅ ሙከራውን እንደ ትርዒት አይቶ ያልፋል፤ አልፎ አልፎም የተሳሳተ ነገር ተምሮ ይነሣል። ቀጥሎ ያለው የእንቁላል ሙከራ ጥሩ ምሳሌ ነው።

እንቁላል በጨው ውሃ ላይ የሚንሳፈፍበት ሙከራ እንዴት ይሠራል?

በአንድ ብርጭቆ፣ ማለትም በሩብ ሊትር ውሃ ውስጥ ትኩስ ጥሬ እንቁላል ያስገቡ። ይሰጥማል። ያውጡትና ግማሽ የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምረው ያማስሉ። አሁን ውሃው የውቅያኖስን ያህል ጨዋማ ሆኗል፤ በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለና። እንቁላሉን መልሰው ሲያስገቡት አሁንም ይሰጥማል! ልጆቹ በዚህ ይገረማሉ፤ አንዳንዶቹም ሙከራው የተበላሸ ይመስላቸዋል። ዝም ብለው ጨው መጨመር ይቀጥሉ። ጠቅላላው ጨው ወደ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሲጠጋ እንቁላሉ ቀስ ብሎ ከታች ይነሣና ይንሳፈፋል።

ብዙ ሰው መጀመሪያውኑ ሁለት ሦስት ማንኪያ ጨው ጨምሮ «አያችሁ፣ ባሕር ላይ እንቁላል ይንሳፈፋል» ይላል። ትክክል አይደለም። ትኩስ እንቁላል በተራ የባሕር ውሃ ውስጥ ይሰጥማል። የሚንሳፈፈው የውቅያኖስን ዐሥር እጥፍ ያህል ጨዋማ በሆኑት በጅቡቲው አሳል ሐይቅና በሙት ባሕር ላይ ነው። ሰው ግን በተራው ባሕር ላይም ከወንዝ ይልቅ በቀላሉ ይንሳፈፋል፤ የሰውነታችን ጥግግት (በእኩል መጠን ውስጥ ያለው ክብደት) ከውሃ ጥግግት ጋር በጣም ስለሚቀራረብ ትንሽ ጨው እንኳ ለውጥ ያመጣል። ልጁ ይህን ልዩነት በራሱ እጅ ጨው እየጨመረ ካየው አይረሳውም።

እንቁላሉ ያረጀ ከሆነ በንጹሕ ውሃም ሊንሳፈፍ ስለሚችል አስቀድመው ይፈትኑት።

በጾም ወቅት በእንቁላልና በቅቤ መሥራት አንፈልግም። ምግብ ማባከኑም ይከብደናል።

በእንቁላሉ ፋንታ ቁራጭ ድንች ይጠቀሙ፤ ድንችም በንጹሕ ውሃ ሰጥሞ በጣም ጨዋማ በሆነ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ወደ ታች ባለው የዓሣ ነባሪ ሙከራ ላይም በቅቤ ፋንታ የሚረጋ የአትክልት ዘይት ይበቃል። የምግብ ቀለም ከሌለ የቀይ ሥር ውሃ ጥሩ ቀለም ይሰጣል። የጨው ሙከራ የተሠራበትን እንቁላልም ካልተሰበረ አጥቦ መቀቀል ይቻላል። ልጆች ምግብ እንደማይጣል እያዩ ቢማሩ እኔም እመርጣለሁ።

ባሕር ለምን ጨዋማ ሆነ? ይህንንስ በተግባር ማሳየት ይቻላል?

ዝናብ በጣም ደካማ አሲድነት አለው። በዐለት ላይ ሲወርድ ማዕድናትን በጥቂት በጥቂቱ ያሟሟል፤ ወንዞች ያንን ይዘው ባሕር ይገባሉ። ከባሕሩ ወለል ሥር ከሚወጡ ፍል ውሃዎችም የሚጨመር አለ። ውሃው በፀሐይ ተንኖ ደመና ሲሆን ጨው ግን አብሮ አይተንም፤ እዚያው ይቀራል። ይህ በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ተጠራቅሞ ነው ባሕሩ ጨዋማ የሆነው።

ማሳየቱ ቀላል ነው። በጠቆረ ሳህን ላይ ጥቂት የጨው ውሃ አፍስሰው ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ያስቀምጡ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ውሃው ደርቆ የጨው ቅንጣቶች ይቀራሉ። በማጉያ መነጽር ሲታዩ አራት ማዕዘን ቅርጻቸው ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ከዚያ የአፋርን ካርታ ያውጡ። የደናክል ዝቅተኛ ስፍራ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። ጥንት ቀይ ባሕር ገብቶበት ነበር፤ ከባሕሩ ተቆርጦ ሲቀር ውሃው ተንኖ አለቀ፤ ጨዉ ቀረ። በአንዳንድ ቦታ የጨው ንብርብሩ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይወፍራል። በግመል ተጭኖ ወደ ትግራይ ደጋ የሚወጣው፣ አያቶቻችን እንደ ገንዘብ የተገበያዩበት አሞሌ ጨው ከዚያ የሚቆረጥ ነው። ሳህኑ ላይ የተረፈው ነጭ ቅንጣትና አሞሌው አንድ ዓይነት ታሪክ አላቸው።

የውቅያኖስ ሞገዶችንና ጅረቶችን ለትንንሽ ልጆች እንዴት ላሳይ?

ለሞገድ፣ ግማሹ ቀለም የተቀላቀለበት ውሃ፣ ግማሹ ዘይት የሆነ በደንብ የተከደነ የፕላስቲክ ጠርሙስ አጋድመው ቀስ ብለው ማወዛወዝ ይበቃል። ትንሽ ቡሽ በገበታ ውሃ ላይ አስቀምጠው ሞገድ ቢያስነሡ ደግሞ ቡሹ ከፍ ዝቅ ከማለት በቀር ብዙ እንደማይሄድ ልጁ ያያል፤ የሚጓዘው ኃይሉ ነው።

ለጅረት፣ ማለትም በባሕር ውስጥ እንደ ወንዝ ለሚፈሰው ውሃ፣ የምመርጠው የበረዶ ሙከራ ነው፤ በዚህ ገጽ ላይ አንድ ብቻ ሥሩ ብባል የምጠቁመውም እሱን ነው። ቀለም የተቀላቀለበት ውሃ በፍሪጅ አስበርደው ሁለት ኩቦች ይሥሩ። ሁለት ረጃጅም የመስተዋት ብርጭቆዎች ይደርድሩ፤ በአንዱ ተራ ውሃ፣ በሌላው የጨው ውሃ፣ ሁለቱም በክፍሉ ሙቀት ልክ ይሁኑ። በሁለቱም ላይ ኩብ ከመጨመርዎ በፊት በየትኛው ቶሎ እንደሚቀልጥ ያስገምቷቸው። አብዛኛው ልጅ «በጨው ውሃ» ይላል፤ በረዶ በሚጥልበት አገር በረዶውን ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ሲበተን ያየ ልጅማ ጥርጥር የለውም።

ውጤቱ ተቃራኒ ነው። በተራው ውሃ ውስጥ ባለ ቀለሙ ቀዝቃዛ ውሃ እንደ ጭስ ክር እየተጠማዘዘ ወደ ታች ሲወርድ ይታያል፤ በቦታው ሞቅ ያለ ውሃ ስለሚተካ በረዶው ቶሎ ይቀልጣል። በጨው ውሃው ውስጥ ግን የሚቀልጠው ውሃ ጨው ስለሌለው ይቀላል፤ ከላይ ባለ ቀለም ንጣፍ ሠርቶ ይቆያል፤ በረዶውም በራሱ ቀዝቃዛ ውሃ ተከብቦ ዘግይቶ ይቀልጣል።

አሁን ሦስተኛው ጥያቄ ይመጣል። በእውነተኛው ውቅያኖስ፣ በግሪንላንድና በአንታርክቲካ አካባቢ፣ የባሕር ውሃ በረዶ ሲሆን አብዛኛው ጨው ከበረዶው ውጭ ይቀራል፤ የቀረው ውሃ ቀዝቃዛም ጨዋማም ስለሚሆን ከብዶ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ከዚያ በዓለም ዙሪያ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ አንድ ዙር ለመጨረስ አንድ ሺህ ዓመት ያህል ይፈጅበታል።

ጥልቅ ባሕር ውስጥ ያለውን ግፊትስ?

በፕላስቲክ ጠርሙስ ጎን ላይ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ሦስት እኩል ቀዳዳ ይብሱ፤ በፕላስተር ሸፍነው ውሃ ይሙሉትና ገበታ ላይ ሆኖ ፕላስተሩን ባንድ ጊዜ ይላጡት። ከታችኛው ቀዳዳ የሚወጣው ውሃ በኃይል ይፈናጠራል። በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ይጨመራል፤ በማሪያና ሰርጥ ወለል ላይ ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ ከ1,000 እጥፍ ይበልጣል። ተመራማሪዎች የፎም ኩባያዎችን ከመሣሪያዎቻቸው ጋር ወደ ጥልቁ ሲያወርዱ ኩባያዎቹ ተጨምቀው የአሻንጉሊት ኩባያ አክለው ይመለሳሉ።

ዓሣ ነባሪ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንዴት አይበርደውም?

አንድ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ የረጋ ዘይት ያስገቡ፤ ሌላ ከረጢት ገልብጠው ከውስጥ ይክተቱበትና ዘይቱ በመሐል እንዲሆን ያድርጉ። ልጁ አንድ እጁን እዚያ ውስጥ፣ ሌላውን በባዶ ድርብ ከረጢት ውስጥ አድርጎ በረዶ ባለበት ውሃ ይንከር። ከቆዳ ሥር ያለ ወፍራም ስብ ሙቀት እንዳይወጣ እንደሚከላከል ወዲያው ይገባዋል። በዚያው ወደ ውጭ ወጥታችሁ በጠመኔ 30 ሜትር ይለኩ፤ ትልቁ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ያን ያህል ይረዝማል።

ስለ ኮራልና ስለ ውቅያኖስ አሲድነት ሳስተምር ልጆቼን ማስፈራራት አልፈልግም።

አያስፈራሩም፤ ግን መጠኑን በትክክል ይንገሯቸው። የተለመደው ሙከራ የእንቁላል ቅርፊት አቼቶ ውስጥ መንከር ነው። ቅርፊቱ እንደ ኮራልና እንደ ዛጎል ከካልሲየም ካርቦኔት የተሠራ ስለሆነ ወዲያው አረፋ ያወጣል፤ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥም ይሟሟል። ሙከራው ግሩም ነው፤ ያለ ማብራሪያ ከቀረ ግን ልጁ ባሕሩ አቼቶ እየሆነ ነው ብሎ ያስባል። የውቅያኖስ የላይኛው ውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ከ7 በታች ሲሆን አሲድ ነው) ከኢንዱስትሪ አብዮት ወዲህ ከ8.2 ወደ 8.1 ገደማ ወርዷል፤ አሁንም ከአሲድ ወገን አይደለም። ነገር ግን ይህ ትንሽ የሚመስል ቁጥር ለኮራልና ለዛጎል ሠሪ እንስሳት ትልቅ ነገር ነው፤ ቅርፊታቸውን መገንባት ይከብዳቸዋል።

ከፍ ላሉት ልጆች የበለጠ እውነተኛ ሙከራ አለ። ቀይ ጥቅል ጎመን ቀቅለው ውሃውን ያጥልሉና በብዙ ውሃ ያቅጥኑት። ልጁ በቀሰም ለጥቂት ደቂቃ ይንፋበት (እንዳይስበው ያስጠንቅቁ)። በትንፋሹ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃው ውስጥ ሲሟሟ ቀለሙ ከሰማያዊነት በጥቂቱ ወደ ሐምራዊነት ያደላል። ከጭስና ከመኪና የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባሕሩ ላይ የሚያደርሰው ይህንኑ ነው፤ ለውጡም እንዲሁ ቀስ ያለ ነው።

ልጄ «ኢትዮጵያ ባሕር የላትም፤ ታዲያ እኛን ምን አገባን?» ብሎ ጠየቀኝ።

ጥሩ ጥያቄ ጠይቋል፤ መልሱም ሰፊ ነው። ኢትዮጵያ ኤርትራ ነጻ ከወጣችበት ከ1993 ጀምሮ የባሕር ጠረፍ የላትም። ባሕሩ ግን ከእኛ ተለይቶ አያውቅም።

የክረምት ዝናባችን እርጥበት ከሩቅ ውቅያኖሶች በነፋስ ተጭኖ የሚመጣ ነው። የፓስፊክ ውቅያኖስ የምድር ወገብ ክፍል ሲሞቅ፣ ኤልኒኞ የሚባለው ሲከሠት፣ የክረምቱ ዝናብ ብዙ ጊዜ ያንሳል፤ በ2015 የደረሰው ከባድ ድርቅ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነበር። ከእርሻ ርቆ ያደገ ልጅ እንኳ ይህን ሲሰማ የፓስፊክ ካርታ ሌላ ይሆንበታል።

በዓባይ ሸለቆና በመቀሌ ዙሪያ ያለው የኖራ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በባሕር ሥር የተነጠፈ ነው፤ ውስጡ የባሕር እንስሳት ቅሪት ይገኝበታል። ወንዞቻችንንም በካርታ ላይ በጣት ይከተሉ፦ ዓባይ፣ ተከዜና ባሮ በመጨረሻ ሜዲትራንያን ይደርሳሉ፤ ገናሌ ጁባ ሆኖ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል፤ አዋሽ ግን ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። አንድ ልጅ ለምን አዋሽ እንደቀረ ሲጠይቅ ወደ ሳህኑ ሙከራ ይመልሱት።

ወደፊትም ባሕር አለ። በመስከረም 2005 አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የመሬት ስንጥቅ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተከፈተ፤ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ሰፋ። መሬቱ በዚሁ መለያየቱን ከቀጠለ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በኋላ እዚያ አዲስ ውቅያኖስ ይፈጠራል። በቤት ለማሳየት ሁለት ወረቀቶች ጫፍና ጫፋቸውን ደርበው ትሪ ላይ ያንጥፉ፤ ዱቄትና የደረቀ የቡና አተላ እያፈራረቁ በመደዳ ይነስንሱባቸው፤ በእጅ ጠቅጠቅ ያድርጉት። ከዚያ ሁለት ልጆች ወረቀቶቹን ከሁለት ወገን ቀስ ብለው ይሳቡ። መሐሉ ይሰምጣል፤ ጎንና ጎኑ በስንጥቅ ተደርምሶ ገደል ይሠራል። የስምጥ ሸለቆን ፎቶግራፍ አጠገቡ ያስቀምጡ።

ከየትኞቹ ነገሮች ልጠንቀቅ?

ውሃ ሲነካቸው የሚያብጡ ባለ ቀለም የጄል ኳሶች ለ«ባሕር» ጨዋታ በብዛት ይመከራሉ። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ፈጽሞ አይጠቀሙባቸው። የዋጠው ልጅ አንጀት ውስጥ አብጠው መተላለፊያ ሊዘጉ ይችላሉ፤ ይህ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። የጨው ውሃ እንዳይጠጡ ይከልክሉ። ጠርሙስ መብሳት የወላጅ ሥራ ነው።

የት ወስጄ ላሳያቸው?

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለምትኖሩ፣ የስሚዝሶኒያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በነጻ ይገባል፤ በ2008 የተከፈተው የውቅያኖስ አዳራሹ ጣሪያ ላይ የአንዲት ዓሣ ነባሪ ሞዴል በሙሉ ቁመቷ ተንጠልጥላለች። በሜሪላንድ የካልቨርት ክሊፍስ ፓርክ የባሕር ዳርቻ ደግሞ ከ10 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የሻርክ ጥርሶች በአሸዋው ውስጥ ይለቀማሉ። ወደ ዳርቻው ከግማሽ ሰዓት በላይ በእግር ስለሚያስኬድ ውሃና ወንፊት ይያዙ፤ ገደሉ ሥር መሄድ የተከለከለ ነው። ሲያትል ያላችሁ ውሃው የሚሸሽበትን ሰዓት አይታችሁ ዳርቻ ውረዱ፤ የባሕር ኮከብ በዐለቶች መሐል ይታያል። እስራኤል ላላችሁ የኤይላት የውሃ ውስጥ መመልከቻ ኮራሉን በቅርብ ያሳያል።

ኢትዮጵያ ያላችሁ ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ዓሣ ከሚሸጥበት ቦታ አንድ ሙሉ ዓሣ ግዙ። ክዳኑን ገልጣችሁ ቀዩን ስንጥቡን አሳዩ፤ ዓሣ በውሃ ውስጥ የሚተነፍስበትን ነገር ልጁ በጣቱ ይነካዋል። ከዚያ ዓሣው ተጠብሶ ይበላል።

በአማርኛ ላስተምር ወይስ በምንኖርበት አገር ቋንቋ?

ግምቱንና ውይይቱን በአማርኛ፣ የቃላቱን ዝርዝር በሁለቱም። ልጁ ለአያቱ በስልክ ሙከራውን በአማርኛ ቢያስረዳ ከማንኛውም ፈተና ይበልጣል።

ይህን ሁሉ ለመንግሥት እንዴት አስመዘግባለሁ?

በአሜሪካ በ50ዎቹም ግዛቶች ልጅን ቤት ማስተማር ይፈቀዳል፤ የሚጠየቀው ሰነድ ግን ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ የምትኖሩበትን ግዛት ሕግ አንብቡ። በጀርመን በትምህርት ቤት ፋንታ ቤት ማስተማር በአጠቃላይ አይፈቀድም፤ እዚያ ያላችሁ ሙከራዎቹን ለቅዳሜ አድርጓቸው። በየትም ብትሆኑ ለእያንዳንዱ ሙከራ አንድ የደብተር ገጽ ይኑር፦ ቀኑ፣ የልጁ ግምት፣ የታየው ነገር ሥዕል፣ እውነተኛው ባሕር የሚለይበት አንድ ዐረፍተ ነገር። ግምቱ ስሕተት ሆኖ ቢገኝ አታስጠፉት፤ በሌላ ቀለም ከጎኑ አስተካክሎ ይጻፍ።